ጉርሻው የኔ ነበር

ሰው በአንድ ነገር መያዙ በምን ይታወቃል? የጠጪው ነገር ቀላል ነው፤ ከራሱ በፊት ጠረኑ ደጃፍ ላይ ይደርሳል። የጫት ወዳጅ ጉንጩ ይናገርበታል። ቁማርተኛውን ሚስቱ ከቤት ዕቃ መጉደል ታውቀዋለች፤ ዛሬ ሬዲዮኑ፣ ነገ ብርድ ልብሱ። የኢንተርኔት ሱሰኛ ግን ምን ምልክት አለው? አይሸትም፣ አይንገዳገድም፣ በጊዜ ቤቱ ይገባል፤ እንዲያውም ከቤቱ አይወጣም። ጎረቤት "መቼም ባልሽ ጨዋ ሰው ነው፣ ሁልጊዜ ቤቱ" እያለ ያመሰግንላችኋል። እናንተም "አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ትላላችሁ። ቤቱ መቀመጡ እውነት ነው። የት እንዳለ ግን እሱው ይወቀው።

ሰሚት የምትኖረው ልጃችን ሳባ አንድ ጊዜ ከዚያው ከኢንተርኔት ያገኘችውን መጠይቅ ላከችልን። ሱስ ይዞዎት እንደሆነ ራስዎን ይፈትኑ የሚል ነው። "ከእንቅልፍዎ እንደነቁ መጀመሪያ የሚያዩት ስልክዎን ነውን? ስልክዎ ከአጠገብዎ ሲርቅ ይቁነጠነጣሉን? ሰው ሲያነጋግርዎ ስልክዎን ያያሉን?" እያለ ይወርዳል። ለአባቷ ብላ የላከችው መሆኑ ገብቶኛል፤ ለብቻው ብትልክለት ይቀየመኛል ብላ ፈርታ ለሁለታችንም አደረገችው። ኃይሉ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? በጥሞና አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ወለወለና እንደገና አነበበው። ከዚያ "ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ለብዙ ሰው ይጠቅማል" አለና ለሚያውቀውም ለማያውቀውም በተነው። ከሰዓቱን በሙሉ ስንት ሰው እንደወደደለት ሲያይ ዋለ።

ኃይሉ ባለቤቴ ነው። "ነበር" ማለት ነበረብኝ። ዕድሜዬን በሙሉ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ የሰውን "ነበር" ስተይብ ኖሬ ጣቴን አልከበደውም፤ የራሴ ሲሆን ቁልፉ አልጫን አለኝ። ይህንንም የምጽፈው ሌላ ሰው ጽፎት "ነበር" እንዳይበዛበት ነው።

እሱ ፒያሳ አንድ መነጽር ቤት ነው የሠራው፣ ጡረታ እስኪወጣ። ሌንስ ይገጥማል፣ የተሰበረ ፍሬም ይጠግናል፣ አፍንጫ ላይ አልቀመጥ ያለውን መነጽር አባብሎ ያስቀምጣል። ደንበኛውን ፊት ለፊቱ ያስቀምጥና "እየኝ" ይለዋል። ዓይን ለዓይን ካልተያዩ ፍሬሙ መቃናቱ አይታወቅም ባይ ነው። እኔንም ያገኘኝ እንዲሁ ነው። ትየባው ዓይኔን ሲያደክመው መነጽር ላሠራ ሄድኩ። "እዪኝ" አለኝ። አየሁት። በዚያው ቀረሁ።

እንግዲህ የዚህን ሰው ዓይን ነው ስልክ የወሰደብኝ።

ስልኩን የገዛችለት ሳባ ናት። መጀመሪያ እንዴት እንደሚከፈት እንኳ አያውቅም ነበር፤ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ሌባ የያዘ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ "የድሮ አራዳ ትዝታ" የሚባል ግሩፕ ውስጥ ገባ። ታውቁታላችሁ መቼም እንዲህ ያለውን። የሰፈር ሰው ግማሹ ዳር ዳር ወደተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ሄዷል፣ ግማሹ ከሀገር ወጥቷል፣ የቀረነው ደግሞ የምናውቀው ቤት ሲፈርስና ያላወቅነው ፎቅ ሲበቅል እናያለን። ታዲያ አንዱ ከአሮጌ አልበም ያገኘውን ፎቶ ይለጥፋል፣ ሌላው ከሥሩ "ወይ ጊዜ!" ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ "ተሳስተሃል" ይላል። ኃይሉ ሦስተኛው ነበር።

አንድ ቀን ከጊዮርጊስ አደባባይ ቁልቁል የተነሳ ፎቶ ተለጠፈ። ጥግ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች፤ ከላይዋ ሸራ ተዘርግቶ ጽሑፏን ጋርዶታል። ኃይሉ ጫማ ቤት ናት አለ። "አንበሳው" ነኝ የሚል አንድ ስሙን የደበቀ ሰውዬ ኬክ ቤት ናት አለ። በቃ። ጦርነት ተከፈተ። ኃይሉ ያቺ ሱቅ ውስጥ የገዛውን ጥቁር ጫማ ከነማሰሪያው ገልጾ ጻፈ። አንበሳው የበላውን ኬክ ከነክሬሙ ገልጾ መለሰ። ምስክር ተጠራ፣ የምስክሩ ምስክርነት ተጣለ። ባለቤቴ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ይዞ ካፌ ይሮጣል፤ የማይጠጣውን ማኪያቶ አዝዞ ሶኬቱ ሥር ይቀመጣል። ቲማቲም ግዛ ብዬ ስልከው ቃሪያ ይዞ ይመለሳል። አንድ ቀንማ አትክልት ተራ አጠገብ ጎመን የተሸከመ ሰው "አባባ፣ መንገዱን!" እያለ ሲጮህበት ኃይሉ እያነበበ "አንድ ጊዜ ጠብቀኝ" ብሎት አረፈ። ተሸካሚው ደግነቱ፣ ከነሸክሙ ጠበቀው።

የሚገርመኝ ሌላ ነው። ቤታችን ከአፍንጮ በር ወረድ ብሎ ነው፤ ፒያሳ በእግር እዚሁ ማለት ናት። ኮቱን ደርቦ ቢወጣ የሚያገኛትን ፒያሳ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በስልክ ያያታል። ናፈቀችኝ ይላል ደግሞ።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሱስ ነው አላልኩም። አለመጠጣቱ፣ አለማምሸቱ አታለለኝ። ከዚህም በላይ ያታለለኝ ጉርሻው ነው።

ኃይሉ ከተጋባን ጀምሮ ማዕድ በቀረበ ቁጥር የመጀመሪያው ጉርሻ የኔ ነው። ተኳርፈን በምንበላበት ቀን እንኳ፣ አንድ ቃል ሳይወጣው ጠቅልሎ ይዘረጋል፤ እኔም አንድ ቃል ሳይወጣኝ እጎርሳለሁ፤ ከዚያ ኩርፊያችንን እንቀጥላለን። ሲያጎርሰኝ እንደ ደንበኞቹ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ስልኩ ከመጣ በኋላ እጁ ይመጣል፣ ዓይኑ ግን አይመጣም። ጉርሻው አንዳንዴ አገጬ ላይ ያርፋል፤ አንድ ጊዜ አፍንጫዬን ሽሮ አልብሶታል። እኔ ወዲያ ወዲህ እያልኩ በአፌ እቀልበዋለሁ። እጁ እስከመጣ ድረስ ምን አለበት እላለሁ ለራሴ። እናንተም ቤት ይህን የምትል ሴት ካለች ንገሯት።

አሁን ወደ ጋሽ መብራቱ ልውሰዳችሁ። ጋሽ መብራቱ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ከኃይሉ ጋር በአሸንዳ ተጣሉ። ጣሪያቸውን ሲያሳድሱ አሸንዳቸው ወደ ግቢያችን ዞረና ክረምት በመጣ ቁጥር የሳቸው ቤት ዝናብ እኛ በራፍ ላይ ይወርድ ጀመር። ኃይሉ ተናገረ፣ እሳቸው መለሱ፣ ከአሸንዳው ጀምረው የአያት ቅድመ አያት ቤት ደረሱ። እድሩ ሽማግሌ ላከ፣ ሽማግሌው ደከመ። የንስሐ አባት ገቡበት፣ እሳቸውም ደከሙ። ቀብር ላይ እንኳ አንዱ ከወዲህ ሌላው ከወዲያ ነው የሚቆመው። ብቻ እኔና ባለቤታቸው አልማዝ በአጥሩ ቀዳዳ በርበሬና ጨው እንለዋወጥ ነበር። ወንዶቹ የሚያውቁት አይመስለኝም። ካወቁም ወጡን እየበሉ ዝም ብለዋል።

የሚካኤል ዕለት ታላቅ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ጠበል ጸዲቅ ጠሩን። ቤቱ ጢም ብሏል፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ አግዳሚው ላይ ተደርድሯል። እኔ እንደ ወጉ ከኃይሉ በስተቀኝ ተቀምጬአለሁ። ኃይሉ ስልኩን ከትሪው ሥር ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከአንበሳው ጋር ይዋጋል። ዶሮው ሊቀርብ ሲል እትዬ ጥሩወርቅ ሰው እንዳስታጥብ ጠሩኝና ማስታጠቢያውን ይዤ ተነሳሁ። በዚህ መሀል ጋሽ መብራቱ ዘግይተው ደረሱ። ባዶ የነበረችው ቦታ የኔ ብቻ ናት። እትዬ ጥሩወርቅ ሆን ብለው ይሁን ሳያስቡት እስከ ዛሬ አልነገሩንም፤ "እዚህ ግባ" ብለው ትከሻቸውን ተጭነው ኃይሉ አጠገብ ቁጭ አደረጓቸው። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አየ። ኃይሉ ብቻ አላየም።

ወጡ ቀረበ። እኔ ማስታጠቢያውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። የባለቤቴ ቀኝ እጅ፣ እንደለመደችው፣ ከእንጀራው ቆረሰች፣ ወጡን አጠቀሰች፣ ጠቅለል አደረገችና ወደ ቀኝ ተዘረጋች። ዓይኑ ጉልበቱ ላይ ነው። ጉርሻው የኔ ነበር። የተዘረጋው ግን ጋሽ መብራቱ አፍ ላይ ነው።

 የሚያኝከው ማኘኩን አቆመ። ጋሽ መብራቱ እጁን አዩ፣ ቀጥለው የኃይሉን ጎንበስ ያለ አናት አዩ። መቼም ታውቁታላችሁ፤ የተዘረጋ ጉርሻ ባዶውን አይመለስም። ኃይሉም እጁን አልመለሰም፤ እኔ አፌን እስክከፍት መጠበቅ ለምዷል።  ጋሽ መብራቱ አፋቸውን ከፍተው ጎረሱ።

እትዬ ጥሩወርቅ እልልታውን አቀለጡት። ኃይሉ በእልልታው ደንግጦ ቀና ሲል ከጎኑ ዕንባቸው የሚወርድ፣ ጉንጫቸው ያበጠ ጋሽ መብራቱ ተቀምጠዋል። ፊቱን ሳይ ምን ሊል እንደሆነ አወቅኩ። "ኧረ ተሳስቼ ነው" ሊል ነው። ማስታጠቢያውን እንደያዝኩ ሰው እያቋረጥኩ ደረስኩና እግሩን ረገጥኩት። ትዳር ከያዝን እንደዚያ ረግጬው አላውቅም። አፉን "አህ" ብሎ ሲከፍት ጋሽ መብራቱ የመልሱን አጎረሱት። በአንድ ማቆም ነውር ስለሆነ ደገሙት፤ የነጋዴ እጅ ነው፣ ጉርሻቸው የልጅ ጭንቅላት ያክላል። ባለቤቴ አፉ ሙሉ ስለነበረ ማስተባበል አልቻለም።

ቤት ስንገባ ጫማውን እያወለቀ፣

"አንቺ መስለሽኝ እኮ ነው" አለ።

"እኔ ጢም አለኝ?"

 ከዚያ ስልኩን ቡፌው ላይ አስቀመጠውና መነጽሩን አውልቆ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ አየኝ። ሰው በኢንተርኔት መያዙን የሚያውቀው የሚስቱን ጉርሻ ለባላንጣው ሲያጎርስ ነው ለካ። መጠይቁ ላይ ይህ ጥያቄ አልነበረም።

በዚያው ተወው ብላችሁ ግን ደስ እንዳይላችሁ። በነጋታው ከስልኩ ጋር ታርቆ አገኘሁት። ከስልኩ ያለያዩት ጋሽ መብራቱ ናቸው። በሳምንቱ ቆርቆሮ ሠሪ ይዘው መጡ፣ አሸንዳውን ወደ መንገዱ አዞሩት፣ ከዚያም ከሰዓት ከሰዓት እኛ ቤት መምጣት ጀመሩ። ጋሽ መብራቱ ሲያወሩ ነጠላ ሰረዝ የላቸውም። በኩርፊያው ዘመን ያጠራቀሙት ወሬ ሁሉ መጣ። ኃይሉ ወደ ስልኩ ሰረቅ ሲያደርግ መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ አስቀምጠው "እሱ የትም አይሄድ፣ እኔን ስማኝ" ይሉታል። ስለ ጫማ ቤቱ ሲነግራቸው ደግሞ፣ "ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ፣ ተነስ ሄደን እንየው!" ብለው ኮቱን አለበሱት። ሄዱ። የሱቋ ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። አጥሩን ፊት ለፊት እያዩ ቆመው ኃይሉ ጫማ ቤት አለ፤ ጋሽ መብራቱ ጃንጥላ ጠጋኝ ነው አሉ። እየተከራከሩ ሄደው እየተከራከሩ መጡ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ወጡ፤ የታጠረ ቆርቆሮ ሁሉ ፊት እየቆሙ ይጨቃጨቃሉ። ማዕድ ሲቀርብ ግን የመጀመሪያው ጉርሻ ከነዓይኑ ወደኔ ተመለሰ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያ ጉርሻ ስህተት መሆኑን እኔና ኃይሉ ብቻ ነበርን የምናውቀው። አንዳንዴ ጋሽ መብራቱ "ያን ቀን ባታጎርሰኝ ኖሮ" ሲሉ እኔና እሱ እንተያያለን። ሊነግራቸው ይፈልግ ነበር። እኔ እግሩን አያለሁ፣ እሱ ዝም ይላል።

ባለፈው ክረምት ኃይሉ አረፈ።

ድንኳኑን ጋሽ መብራቱ ናቸው የተከሉት፤ ድንኳኑ ሲነሳም ወንበሩን ሲያጥፉ አልማዝ ከእጃቸው ወሰደችባቸው። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔ ከስልኩ ጋር ቀረሁ። ግሩፑን ከፈትኩት። "ነፍስ ይማር" ብለዋል፣ ብዙ ሰው ብሏል። እየወረድኩ ሳነብ አንበሳውን አገኘሁት፤ "ጥሩ ሰው ነበር። ኬክ ቤት መሆኗ ግን እውነት ነው" ይላል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? በቀብር ማግስት የባሌን ጫማ ቤት ኬክ ቤት ሊያደርግብኝ! መነጽሬን አደረግኩና "ጫማ ቤት ነበረች። ጫማውም ቁም ሳጥን ውስጥ አለ" ብዬ መታሁለት። ወዲያው መለሰ። እኔም መለስኩ። ሌላው ከባሏ ቤት ይወርሳል፣ መሬት ይወርሳል፤ እኔ ክርክር ወረስኩ።

ክርክሩ ግን ሰበብ ነው። ገጹን ወደ ታች በጎተትኩት ቁጥር ኃይሉ አለ። አንዱን "ወንድሜ፣ ዓይንህን ብትታይ" ብሎታል፣ አንዷን "እናትሽን አውቃቸዋለሁ፣ መነጽራቸውን የሠራሁ እኔ ነኝ" ብሏታል። ትንሽ ወረድ ስል ደግሞ ሌላ አለ። ያላነበብኩት ኃይሉ እንዳያልቅብኝ ቀስ እያልኩ፣ እንዳያመልጠኝ ደግሞ ቶሎ ቶሎ እያልኩ ዋልኩበት፣ ሰነበትኩበት። ሳባ ስትደውል "እሺ፣ እሺ" እላታለሁ፤ ምን እንዳለችኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አላውቀውም። መጠይቁን ድጋሚ ላከችልኝ። በጥሞና አነበብኩት። ይህ ለኔ አይሆንም፣ የኔ ለቅሶ ነው አልኩ። ለቅሶ ደግሞ ሱስ አይባልም። አያችሁ፣ ባለቤቴ እንኳ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልነበረውም።

በጾሙ መሀል አንድ ቀን ጋሽ መብራቱና አልማዝ ምሳ ይዘው መጡ። ብቻዬን ስሆን እንደማልበላ አልማዝ በአጥሩ ቀዳዳ አይታለች። ሽሮና ጎመን ነው። ትሪው ቀረበ፣ እጃችንን ታጠብን። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ስልኩን ከትሪው ጥግ አስደገፍኩት፤ አንበሳው አዲስ ምስክር አምጥቶ ነበርና። ጋሽ መብራቱ ያወራሉ፣ እኔ "እሺ" እላለሁ። ቆይቶ የሳቸው ወሬ ቆመ። አላስተዋልኩትም።

ስክሪኑ ላይ አንዲት የሽሮ ጠብታ ወደቀች። በአውራ ጣቴ ጠረግኳትና ማንበቤን ቀጠልኩ። ሌላ ጠብታ ወደቀች። እሷንም ጠረግኩ። ሦስተኛዋ ስትወድቅ ነው ይሄ ዝናብ ከወዴት ነው ብዬ ቀና ያልኩት።

የጋሽ መብራቱ እጅ አፌ ፊት ተዘርግቷል።  ከመቼ ጀምሮ እንደተዘረጋ አላውቅም፤ ግን አልማዝ ክርናቸውን ከሥር ደግፋ ይዛለች።

አፍሬ ወደ ኋላ አልኩ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው፣

"ያን ቀን የጎረስኩት ያንቺን ነው፣ በላይነሽ" አሉኝ።

"ያውቁ ነበር?"

"ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር እኮ፤ እኔ አጠገቡ ነው የተቀመጥኩት። ስህተት መሆኑን አውቄ ነው አፌን የከፈትኩት። አስቦበት እስኪያጎርሰኝ ብጠብቅ ሁለታችንም አንደርስም ነበር።" ትንፋሽ ወሰዱና፣ "በይ አሁን ጉረሺ፣ ክንዴ አለቀ" አሉ።

ጎረስኩ። እሳቸው ሲደግሙት ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ጎረስኩ። አልማዝ ክርናቸውን ለቀቀችና በነጠላዋ ጫፍ ስክሪኑን ወለወለችው፤ ወልውላም ወደኔ አልመለሰችውም፣ ቡፌው ላይ አኖረችው።

ለኃይሉ ይህን ብነግረው እንዴት ይስቅ ነበር። እኛ እሳቸውን ስንደብቃቸው እሳቸው እኛን ሲደብቁን፣ እግሩን በከንቱ ስረግጠው።

አሁን ተሻለሽ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ስልኩ ቡፌው ላይ ነው። ከሰዓት ከሰዓት ከጋሽ መብራቱና ከአልማዝ ጋር ወጣ እያልን ቆርቆሮ አጥር እናያለን፤ አልማዝ ያቺ ሱቅ ፀጉር ቤት ነበረች ትላለች። ኃይሉን በቀን ትንሽ ትንሽ ነው የማነበው፣ እንዲበረክትልኝ። አንበሳው ትናንት "ምነው፣ መልስ አጣሽ እንዴ?" ብሎ ጽፎልኛል። እንዴት አወቅሽ አትበሉኝ።

አልመለስኩለትም። አፌ ሙሉ ነበር።